በአጭር የተቀጩ ተከታታይ ፊልሞችን ከአሮጌ ካሴት ማዳን፦ ለመሀል አዲስ አበባ ነዋሪ ዝርዝር መመሪያ

ፋየርፍላይ የተባለው የጠፈር ተከታታይ ፊልም በአሜሪካው ፎክስ ጣቢያ መታየት የጀመረው መስከረም 10 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። 14 ክፍል ተሠርቶለት በጣቢያው የታዩት 11ዱ ብቻ ናቸው፤ ለመግቢያነት የተሠራው የመጀመሪያው ክፍል ደግሞ ታኅሣሥ 11 ቀን፣ በመጨረሻ ቀረበ። ዛሬ ሙሉው ሥራ በትክክለኛ ቅደም ተከተሉ በዲስክ ይገኛል። ዲስኩ ላይ የሌለው ያ የተዘበራረቀ ስርጭት ራሱ ነው፦ በመሀል የገቡት ማስታወቂያዎች፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ክፍል የሚያስተዋውቀው ቅንጫቢ፣ ስሞቹ ሲያልፉ ከላያቸው የሚናገረው አስተዋዋቂ። ተከታታዩ ለተመልካች እንዴት እንደቀረበና ለምን ዕድሜ እንዳጣ የሚያሳየው ይህ ነው። እሱን ይዞ የቆየው ደግሞ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የቀዳው ካሴት ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ ስርጭቱን እንዳለ አድኑ። ማስታወቂያውን አትቁረጡ፣ ምስሉን አታሳምሩ። ማሳመሩ በሌላ ቅጂ ላይ፣ በኋላ ይደረስበታል።

1. ካሴቶቹን መለየት

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ቤቶች ከቁም ሳጥን ላይ የሚወርዱት ቪኤችኤስ ካሴቶች ባመዛኙ ከሦስት ምንጭ የመጡ ናቸው። አንደኛው አሜሪካ ያለ ዘመድ ከቴሌቪዥን ቀድቶ የላከው ነው። ይህ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሲስተም የተቀዳ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቲ-120 በሚባለው ካሴት ላይ በዝግተኛው ፍጥነት እስከ ስድስት ሰዓት የሚደርስ ፕሮግራም ይጫንበታል። ሁለተኛው ከቪዲዮ ቤት ካሴት የተገለበጠ ነው። የቅጂ ቅጂ ስለሆነ ቀለሙ ከመስመሩ ይፈሳል፣ የምስሉ ላይኛ ጫፍም ወደ ጎን ይጎብጣል። ሦስተኛው ከዲሽ የተቀዳው ነው፤ ይህ በአብዛኛው ፓል (የእኛም አገር የቴሌቪዥን ሲስተም) ሲሆን የአረብኛ ጽሑፍ ከሥሩ ሊኖረው ይችላል።

ቅድሚያ የሚሰጠው ለመጀመሪያውና ለሦስተኛው ነው፤ ስርጭቱን ከነማስታወቂያው የያዙት እነሱ ናቸው። በፋብሪካ የታተሙትን ኦሪጅናል ካሴቶች ለመጨረሻ አቆዩአቸው። የቅጂ መከላከያ ስላለባቸው ሲቀረጹ ምስላቸው እየደመቀና እየደበዘዘ ያስቸግራል፤ ይዘታቸውንም በዲስክ መግዛት ይቀላል። ዲስክ ስታስመጡ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚከፈት የሚወስነውን የክልል ቁጥር እዩ። የኢትዮጵያ ዲቪዲ ክልል 5 ነው፣ የአሜሪካው 1፣ የእንግሊዙ 2። የኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያ ክልሉን መቀየር የሚፈቅደው አምስት ጊዜ ብቻ ስለሆነ እያቀያየራችሁ አታባክኑት።

ካሴቱን ዴክ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ስያሜ ከሚለጠፍበት ጎን በአንዱ ጫፍ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ በካቻቢቴ ስበሩ። እሷ ከሌለች ዴኩ በስህተት ሊቀዳበት አይችልም። ከዚያ በስያሜው ላይ የተጻፈውን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ የድሮ ሙጫ ስለሚደርቅ ወረቀቱ በእጃችሁ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

2. ሻጋታን መለየት

የአዲስ አበባ ክረምት የካሴት ጠላት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳው ከሚረጥብ ክፍል የወጣ ካሴት ሁሉ መመርመር አለበት። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ ካሴቱን የራሱ ግልጽ መስኮት ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ያዙ፣ የስልክ ባትሪ በጎን አብሩበት፣ የተጠቀለለውን ክር ገጽ ተመልከቱ። ጤነኛ ክር ጥቁር፣ ለስላሳና ወጥ ሆኖ ያንጸባርቃል። ነጭ ዱቄት፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ክምችት ወይም እንደ ጨረር ከመሀል ወደ ዳር የሚሄድ ግራጫ ቆሻሻ ካያችሁ ሻጋታ ነው። መከለያውን አንስታችሁ የክሩን ጠርዝም እዩ።

የሻገተ ካሴት ጤነኛ ዴክ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ሻጋታው ሄዱን፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን የዴኩን ክፍል፣ ይደፍናል፣ ብናኙም ቀጥሎ ወደሚገባው ካሴት ይተላለፋል። በተጨማሪ የክሩ ጥቅልሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ከሆነ ዴኩ ሲጎትተው ይበጥሰዋል። ሻጋታው እርጥብ ከሆነ ደግሞ አትንኩት፤ ሲጠረግ ይቀባል እንጂ አይለቅም። ካሴቱን እርጥበት ከሚመጥጡ ከረጢቶች ጋር በሚገጠም ሳጥን ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የሚመጡት ከረጢቶች፣ ገና እርጥበት ያልጠጡ ከሆኑ፣ ይበቃሉ። ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል። ያኔ በረንዳ ላይ ወይም ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ጓንት ተደርጎ፣ ብናኝ በማይለቅ ጨርቅ ክሩን በሁለት በኩል ሳትጫኑ ይዛችሁ እየጠረጋችሁ ትጠቀልሉታላችሁ። በእጅ አድካሚ ነው፤ የአንድ ካሴት ክር 250 ሜትር ገደማ ይሆናል። ምስል የማያወጣ ነገር ግን የሚያጠነጥን ዴክ ካገኛችሁ ለዚህ ሥራ ብቻ መድቡት።

የካሴቱ ቤት ራሱ ከተሰበረ ወይም ከሻገተ ቀይሩት። አምስት ብሎኖች አሉት። ገልብጣችሁ ፍቱ፣ እንደገና ወደ ትክክለኛው ጎን አዙሩና ላይኛውን ግማሽ በቀስታ አንሱ። ክሩ የሚያልፍባቸውን ምሰሶዎች ከመነካካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ሁለቱን ጥቅልሎች እንዳሉ ወደ ንጹሕ ቤት አዛውሩ። ንጹሕ ቤት የሚገኘው ዋጋ ከሌለው ካሴት ነው።

3. ዴክ ማግኘት

አዲስ ቪዲዮ ዴክ ዛሬ የሚያመርት ፋብሪካ የለም፤ ስለዚህ ያለው ያገለገለ ብቻ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ካሴትና ዴክ ያለበትን የሚያውቁ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ወደየአቅጣጫው ተበትነዋል። የምታውቁት ጠጋኝ ካለ ቦታውን ከመፈለግ ስልኩን መፈለግ ይሻላል። ሌላው መንገድ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ የሚገኘው ዴክ የሚሠራ ላይሆን ይችላል፤ ለመለዋወጫና ለማጠንጠኛ ግን ይሆናል። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የተሻለው የዘመድ ቤት ነው። ለቤተሰቡ አስቀድሞ ንገሩ፤ ዕቃ ሲጸዳ ወይም ቤት ሲለቀቅ መጀመሪያ ለቆራሌው የሚወጡት ዴኩና ካሴቶቹ ናቸውና።

ስትመርጡ አራት ሄድ ያለውንና በርካታ ሲስተም የሚያነበውን ምረጡ። ባለ ሁለት ሄድ ዴክ ከአሜሪካ በዝግተኛ ፍጥነት የተቀዳውን ካሴት ሲያነብ ምስሉ ይቆራረጣል። ቴሌቪዥንና ዴክ በአንድ ላይ የተገጠመባቸውን አትግዙ፤ ብዙዎቹ ቪዲዮ ማውጫ የላቸውም። ዲቪዲና ቪኤችኤስ አጣምሮ የያዘው ዴክ ግን ያገለግላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ብትበላሽ የማታሳዝን ካሴት ይዛችሁ ሂዱ። አጫውቱ፣ እስከ መጨረሻው አሳልፉ፣ መልሳችሁ አጠንጥኑ፣ አውጡ። ከዚያ መከለያውን አንስታችሁ የክሩን ጠርዝ ተመልከቱ። ጠርዙ የታጠፈ ወይም እንደ ቀሚስ ዘርፍ የተሸበሸበ ከሆነ ዴኩ ክር ይበላል፤ ምስሉ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ተዉት።

ከአሜሪካ የመጣ ዴክ 120 ቮልት ነው የሚፈልገው። በቀጥታ 220 ላይ ከተሰካ የኃይል ክፍሉ ይቃጠላል። ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ዴክ የሚጠቀመው ኃይል ትንሽ ስለሆነ 100 ዋት የሚችል ይበቃል።

4. ሄድ ማጽዳት

ምስሉ በበረዶ የተሞላ ከሆነ ካሴቱ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት ሄዱን አጽዱ። የሚያስፈልገው 99 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ ሞባይል ጠጋኞች ቦርድ የሚያጥቡበት ፈሳሽ ማለት ነው። የመድኃኒት ቤቱ 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት ለዚህ አይሆንም።

ዴኩን ከሶኬት ንቀሉ፣ ግማሽ ሰዓት አቆዩ፣ ክዳኑን ፍቱ። የኃይል ክፍሉን ቦርድ በእጅ አትንኩ፤ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዞ ይቆያል። መሀል ላይ ትንሽ ዘመም ብሎ የተቀመጠው የሚያብረቀርቅ ክብ ብረት ከበሮው ነው። ሄዶቹ በሚሽከረከረው ክፍል ጠርዝ ላይ ያሉ፣ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ ቁርጥራጮች ናቸው።

ንጹሕ የጽሕፈት ወረቀት በሁለት ጣት ስፋት ቁረጡ፣ በአልኮሉ አርጥቡ፣ ከበሮው ጎን ላይ አስጠግታችሁ በአንድ እጅ ሳትጫኑ ያዙት። በሌላው እጅ የከበሮውን ላይኛ ክፍል ከአናቱ ይዛችሁ በቀስታ አዙሩት። ወረቀቱ ቆሞ ይቆያል፣ የሚዞረው ከበሮው ነው። ከጥቂት ዙር በኋላ ወረቀቱ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር መስመር ይወጣል። በአዲስ ወረቀት መስመር እስከማይታይ ድረስ ድገሙ። ወረቀቱን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቀሰ ሰው ሄዱን ይሰብረዋል፤ ጥጥ የተጠቀመም ቃጫው ሄዱ ላይ ተጠምጥሞ ይነቅለዋል። ጥጥ የሚፈቀደው ለሌሎቹ ክፍሎች ነው፦ ለድምፅ ሄዱ፣ ለመሪ ምሰሶዎቹ፣ ክሩን ለሚጎትተው ቀጭን የብረት ዘንግ። ከዘንጉ ጋር የሚገጥመውን ጥቁር የጎማ ተሽከርካሪ ግን በሳሙና በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፤ አልኮል ሲደጋገምበት ጎማው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ፍጥነቱ ይዋዥቃል።

20 ደቂቃ ካደረቃችሁ በኋላ መጀመሪያ የምታስገቡት ያንኑ የማያሳዝን ካሴት ይሁን።

5. ሲስተሙን ማወቅ

ኢትዮጵያ ፓል ነው የምትጠቀመው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ፣ 525 መስመር፣ በሰከንድ 29.97 ምስል። ከአረብ አገሮች የመጣ አሮጌ ካሴት ደግሞ ሴካም የሚባለው ሦስተኛ ሲስተም ዝርያ ሊሆን ይችላል፤ በፓል ዴክ ሲታይ ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ጥቁርና ነጭ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ብዙ የፓል ዴኮች ኤንቲኤስሲ ካሴት «ያጫውታሉ» ሲባል ቴሌቪዥን እንዲቀበለው ግማሽ ለግማሽ ቀይረው ነው፤ ይህ ፓል 60 ይባላል። ቴሌቪዥኑ በቀለም ያሳየዋል፣ የኮምፒውተር መቅረጫው ግን ጥቁርና ነጭ አድርጎ ወይም እየዘለለ ይቀበለዋል። ዴኩ ጀርባ ወይም ሜኑው ውስጥ ኤንቲኤስሲ 3.58 የሚል ምርጫ ካለ እሱን አድርጉ፤ መቅረጫውንም ኤንቲኤስሲ ላይ አድርጉ። ምርጫው የሌለው የፓል ዴክ ለአሜሪካ ካሴቶች አይሆንም።

6. ከዴክ ወደ ኮምፒውተር

ገበያ ላይ በብዛት የሚቀርብላችሁ ኤቪን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ትንሽ ሳጥን ነው። ለዚህ ሥራ አትግዙት። ምስሉን ራሱ ይለጥጠዋል፣ ድርብርብ መስመሮቹን (እያንዳንዱ ምስል በሁለት ግማሽ ተከፍሎ የሚተላለፍባቸውን) በግድ ያዋህዳል፣ ሲስተሙንም በሰከንድ ወደ 60 ምስል ይለውጠዋል፤ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ የሚመለስ የለም። የሚያስፈልገው ባለ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ የዩኤስቢ መቅረጫ ነው። ዴካችሁ ኤስ-ቪዲዮ ማውጫ ካለው ከቢጫው ይልቅ እሱን ተጠቀሙ።

ከርካሹ የዩኤስቢ መቅረጫ ጋር የሚመጣው ዋና ችግር የድምፅና የምስል መለያየት ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከአሮጌ ካሴት የሚወጣው የምስል ምልክት ልኩ ይዋዥቃል። መቅረጫው ልኩን ያጣበትን ምስል ይጥላል፣ ድምፁ ግን ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አፍና ድምፅ አይገናኙም። አንዳንዴም መቅረጫው ይህንኑ መዋዠቅ የቅጂ መከላከያ ይመስለውና ጭራሽ ይዘጋል። መፍትሔው በዴኩና በመቅረጫው መካከል ምልክቱን የሚያስተካክል ዕቃ ማስገባት ነው። ለዚህ የተሠራው ዕቃ ውድ ነው፤ ግን የፓናሶኒክ ኢኤስ10 እና ኢኤስ15 ዲቪዲ መቅረጫዎች ዲስክ ሳይገባባቸው እንዲሁ ምልክቱን አሳልፈው ሲያወጡት ያስተካክሉታል። ሁሉም ዲቪዲ መቅረጫ ይህን አያደርግም፤ ተራ ዲቪዲ ማጫወቻ ደግሞ ጭራሽ አያደርገውም። ከምናለሽ ተራ ከእነዚህ አንዱን ብታገኙ፣ ዲስክ ማንበቢያው የሞተ ቢሆንም እንኳ ውሰዱት።

መቅረጫውን ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ሰኩ፤ በዩኤስቢ ማከፋፈያ አታሳልፉት። ለፕሮግራም ቨርቹዋልደብ ነጻና በቂ ነው። ኦቢኤስ ለቀጥታ ስርጭት የተሠራ ስለሆነ ድርብርብ መስመሮቹን ያበላሻል። ቅንብሩ እንዲህ ይሁን፦

ለፓል 720 በ576፣ በሰከንድ 25፤ ለኤንቲኤስሲ 720 በ480፣ 29.97።
የቀለም ዓይነት ዋይዩዋይ2፣ መጭመቂያ ሃፍዋይዩቪ።
ድምፅ ያልተጨመቀ፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት።

በዚህ ቅንብር የአንድ ሰዓት ቅጂ ከ30 እስከ 40 ጊጋባይት ይይዛል። የሦስት ሰዓት ካሴት መቶ ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን የ1 ቴራባይት ሀርድ ዲስክ ስምንትና ዘጠኝ ካሴት ነው የሚችለው። ሀርድ ዲስኩ በኤንቲኤፍኤስ የተፎረመተ መሆኑን አረጋግጡ፤ ፋት32 ከሆነ 4 ጊጋባይት ላይ ሲደርስ ይቆማል።

7. የቀረጻው ቀን

ከጥቅምት በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። ካሴቱና ዴኩ ከቀዝቃዛ ቦታ ከመጡ ሁለት ሰዓት ክፍሉን ይላመዱ፤ ካልሆነ ከበሮው ላይ ላብ ይወጣና ክሩ ይጣበቅበታል።

ካሴቱን አንዴ እስከ መጨረሻው አሳልፉና አጠንጥኑ። ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ክር ጥብቀቱ ወጥ አይሆንም፤ ይህ ያስተካክለዋል። ከዚያ አምስት ደቂቃ አጫውቱና ትራኪንጉን፣ ሄዱ የክሩን መስመር በትክክል እንዲከተል የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ በእጅ አስተካክሉ። ድምፁ የሚያጉረመርም ከሆነ ከሃይ-ፋይ (ከስቴሪዮው የድምፅ መስመር) ወደ ተራው የድምፅ መስመር ቀይሩ። ፊት ሲደምቅ ዝርዝሩ እየጠፋ ነጭ ብቻ ከሆነ ብርሃኑን ቀንሱ፤ ሲቀረጽ የተቃጠለ ነጭ በኋላ አይመለስም።

መቅረጹን ጀምሩና ከዚያ ካሴቱን አጫውቱ፤ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች የሚያጣው ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ነው። ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ አድርጉ፣ ሌላ ሥራ አትሥሩበት። የተጣሉ ምስሎች ቁጥር ዜሮ ወይም በሰዓት ጥቂት ብቻ መሆን አለበት፤ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ አቁሙና ገመዱን፣ ሀርድ ዲስኩን፣ የምልክት ማስተካከያውን በየተራ ፈትሹ።

ስለ መብራት። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ብቻ ከአደጋ አልወጣችሁም። መብራት ሲጠፋ ክሩ ከበሮው ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚቆመው። በዚህ ጊዜ ካሴቱን በግድ መጎተት ክሩን መበጠስ ነው። ዴኩን ከሶኬት ንቀሉ፣ መብራት ሲመለስ የመጀመሪያው መዋዠቅ እስኪያልፍ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ሰኩት፤ አብዛኛው ዴክ ክሩን ራሱ ይሰበስባል። ዴኩንም ኮምፒውተሩንም የሚይዝ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ካለ የተሻለ ነው። ስታብላይዘር መዋዠቅን እንጂ መጥፋትን አይከላከልም።

ክሩ ከተበጠሰ በተራ ስኮች አትለጥፉት፤ ሙጫው ሄዱን ያበላሻል። ቁራጮቹን ለየብቻ በተለያየ የካሴት ቤት አድርጋችሁ መቅረጽ ይሻላል፤ የሚጠፋው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።

8. ቀኑን ማንበብ

ሌላ አገር የማይገጥም ሥራ እዚህ አለ። ካሴቱ ላይ «88» ተብሎ ቢጻፍ የትኛው 88 ነው? አዲስ አበባ የተጻፈ ከሆነ 1988 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ከመስከረም 1995 እስከ መስከረም 1996 ማለት ነው። አሜሪካ የተጻፈ ከሆነ ግን 1988 በፈረንጆች ሊሆን ይችላል። ወሩ 13 ከሆነ ጥያቄው አበቃ። የእጅ ጽሑፉ፣ የካሴቱ ሲስተምና የስርጭቱ ማስታወቂያዎች ቀሪውን ይፈቱታል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «3 ሰዓት» የተባለው የምሽቱ 3 ሊሆን ይችላል፣ ዘመድ አሜሪካ ሆኖ የጻፈው ከሆነም የፈረንጅ 3።

የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ሥራ በጣም ያግዛል። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዓመት የሚጀምረው በእነሱ መስከረም ስለሆነ አንድ የኛ ዓመት ከአንድ የእነሱ ሲዝን ጋር ከሞላ ጎደል ይገጥማል። 1988 ዓ.ም. ላይ ስፔስ፦ አባቭ ኤንድ ቢዮንድ እና አሜሪካን ጎቲክ ተጀምረው እዚያው አለቁ፤ ሁለቱም ከአንድ ሲዝን አላለፉም። ኮልቻክ፦ ዘ ናይት ስቶከር እና ፕላኔት ኦቭ ዘ ኤፕስ ሁለቱም የጀመሩት በአንድ ምሽት፣ መስከረም 3 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱ ማግስት ነው። የመጀመሪያው 20 ክፍል፣ ሁለተኛው 14 ክፍል ኖሩ። እንዲህ ያሉት የቆዩ ሥራዎች ካሴት ላይ ከተገኙ ግን በድጋሚ ሲታዩ የተቀዱ ናቸው፤ ዓመታቸውን የሚነግራችሁ ተከታታዩ ሳይሆን በመሀሉ ያለው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውን የቆረጠ ይህን ማስረጃ አብሮ ቆርጧል።

ለእያንዳንዱ ካሴት ቁጥር ስጡና በመዝገብ ያዙ፦ በስያሜው ላይ ያለው ጽሑፍ እንደተጻፈ፣ የእናንተ የቀን ግምት በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሲስተም፣ ፍጥነት፣ በስንተኛው ደቂቃ ምን እንዳለ፣ ምስሉ የት እንደሚበላሽ። የፋይሉ ስም በካሴት ቁጥር ይጀምር። የተከታታዮች ዝርዝር ሁሉ በፈረንጅ ስለሆነ ፋይሉ ላይ የፈረንጁን ዓመት መጻፍ ፍለጋን ያቀላል።

9. የሚታየው ቅጂ

ዋናውን ቅጂ ሳትነኩ ለማየት የሚሆን ሁለተኛ ቅጂ አውጡ። ሃንድብሬክ ይበቃል፦ ድርብርብ መስመሮቹን ቢደብሊውዲአይኤፍ በሚባለው ማጣሪያ ለያዩ፣ ለፓል በሰከንድ 50፣ ለኤንቲኤስሲ 59.94 አድርጉ፣ በኤች 264 ጨምቁ። በሰከንድ 5 ሜጋቢት ከሆነ አንድ ሰዓት 2.3 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ቅርጹ 4 ለ 3 መሆን አለበት። ሰፊ ስክሪን እንዲሞላ መለጠጥ ፊቱን ሁሉ ያሳብጠዋል። ከሥር የሚታየው የተረበሸ መስመር የሄድ መቀያየሪያ ነው፤ በጥቁር ሸፍኑት።

ምስልን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጥራት አሁን ፋሽን ሆኗል። ከቪኤችኤስ ላይ ያልነበረ ቆዳና ያልነበረ ዓይን ይስላል። ለእነዚህ ፊልሞች አይበጅም፤ በተለይ አስፈሪዎቹ በጥላና በድንግዝግዝ የተሠሩ ናቸው፣ ጥላውን ሲያጠራው ፍርሃቱ አብሮ ይሄዳል።

የትርጉም ጽሑፍ ከኢንተርኔት ስትጨምሩ እየቆየ ከድምፁ የሚለያይ ከሆነ ምክንያቱ የፍጥነት ልዩነት ነው። በሰከንድ 24 ምስል የተቀረጸ ፊልም በፓል ጣቢያ ሲታይ በ25 ይሮጣል፤ 4 በመቶ ይፈጥናል፣ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጽሑፉን ከ23.976 ወደ 25 ቀይሩት።

የክፍሎቹን ቅደም ተከተል በፋይል ስም ሳይሆን በማጫወቻ ዝርዝር አስተካክሉ። ፋየርፍላይን ማየት ያለባችሁ ዲስኩ ባስቀመጠው መንገድ ነው፤ በቴሌቪዥን መጀመሪያ የታየው የባቡር ዝርፊያው ክፍል ገጸ ባሕርያቱን እንደ አዲስ ለማስተዋወቅ የተጻፈው የመግቢያው ክፍል ስለተገፋ ነው። በ1991 ዓ.ም. የታየው ባለ 13 ክፍሉ የጠፈር ተከታታይ ክሩሴድም በተቀረጸበት ተራ አልታየም፤ የሠራተኞቹ የደንብ ልብስ ከክፍል ክፍል ሲቀያየር የምታዩት ለዚህ ነው። ዋናው ቅጂ ግን ጣቢያው ባሳየው ተራ ይቀመጥ።

10. ማስቀመጥ

ዋናው ቅጂ በሁለት ሀርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጥ። ፍላሽ ለማየት እንጂ ለማስቀመጥ አይታመንም። የመቅረጹ ዓላማ የግል እይታና ጥበቃ ነው፤ ፊልም በፍላሽ ለሚጭኑ ሱቆች መስጠት ወይም መሸጥ የባለመብቱን መብት መንካት ነው።

ካሴቱን ከቀረጻችሁ በኋላ አትጣሉት፤ የተሻለ ዴክ ሲገኝ እንደገና ይቀረጻል። እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ፣ በሽፋኑ ውስጥ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡት። በድምፅ ማጉያና በትራንስፎርመር አጠገብ አይሁን፤ ማግኔቱ ይጎዳዋል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በመስኮቱ በኩል ባትሪ አብርታችሁ እዩት።